በግጥምና በዘፈን ውስጥ ያለውን ኅብር ለተማሪዎች ስለ ማስተማር

የአማርኛ ግጥምና ዘፈን አንዱ መለያ ጠባይ፥ በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር ነው። ላይኛው ፍች ሰም፥ የተሠወረው ፍች ወርቅ ይባላል። ስሙም የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፥ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፥ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶው ስፍራም የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። እንግዲህ ወርቁ፥ ሰሙ ከተወለት ቅርጽ ሌላ ቅርጽ ሊይዝ አይችልም። ይህ ምሳሌ ለአስተማሪ ትልቅ መመሪያ ይሆናል፤ ተማሪው «አገኘሁት» የሚለው ወርቅ ከሰሙ ጋር ካልገጠመ፥ ያገኘው የገጣሚውን ምሥጢር ሳይሆን የራሱን አሳብ ነው።

የጥንቱ ቅኔ ቤት ይህን ዕውቀት የሚሰጠው በማስረዳት ብቻ አይደለም። ተማሪው ግስ ያጠናል፤ መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ያዳምጣል፥ ሲፈታም ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው ተቀምጦ ራሱ ይቈጥራል፥ የቈጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማል። መነሻው 2 ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ሲሆን፥ እየበረታ ሲሄድ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ወርቅ መሠወርን ራሱ የሞከረ ሰው፥ ሌላው የሠወረውን ማግኘት ይቀለዋል።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠናው የዘይቤዎች ስም ነው፤ ተማሪው ተነጻጻሪ፥ ተለዋጭ፥ ሰውኛ እያለ ይዘረዝራል። ግጥሙ በጽሑፍ ይሰጠዋል፥ ወርቁም በአስተማሪው ይነገረዋል። እንዲህ የተማረ ሰው የታወቀውን ፍች ይደግማል እንጂ አዲስ ዘፈን ሲሰማ ባዶ እጁን ይቀራል፤ አዝማሪ በመሰንቆ የሰደበውንም እንደ ውዳሴ ቈጥሮ ሽልማት ይሰጥበታል።

የጉድለቱ አንዱ ምክንያት በፊደሉ ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን በምልክት አያሳይም። «ልጁ ይማር» የሚለው ንባብ፥ «ማ» ሲጠብቅ ልጁ ትምህርት ይቅሰም፥ ሲላላ ግን ልጁ ይቅር ይበል ማለት ይሆናል። «እንደገና» የሚለውም ሳይከፈል ሲነበብ ዳግመኛ ማለት ነው፤ ከሁለት ተከፍሎ «ና» ሲጠብቅ ግን የልደትን በዓል ያነሣል። «ማር» ደግሞ ሳይጠብቅና ሳይከፈል፥ የንብ ማርም የይቅርታ ልመናም ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ ፍቾች አንድ መልክ ስላላቸው፥ ዓይን ብቻውን ኅብሩን አይለይም። ዘፋኝ ቃሉን በዜማ ሲስበው ደግሞ መጥበቁና መላላቱ ይደበዝዛል፥ ለሁለቱም ፍች በር ይከፈታል። አዝማሪ ስንኙን መደጋገሙም ለአድማጭ ይረዳል፤ በመጀመሪያው ሰሙን፥ በሁለተኛው ወርቁን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከጆሮ ቢጀምር ይጠቅማል። በመጀመሪያ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ዘግተው ግጥሙን ወይም ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ይስሙ። ሁለተኛ፥ ወርቅ ከመፈለጋቸው በፊት ሰሙን እንደ ተራ ወሬ አሟልተው ይተርኩ፤ ሰሙን ያልያዘ ወርቁን አያገኝምና። ሦስተኛ፥ ሁለት ፍች የተሸከመውን ኅብረ ቃል ለይተው፥ አጥብቀውና አላልተው፥ ከፍለውና አጋጥመው ይሞክሩት። አራተኛ፥ ያገኙትን ወርቅ ከቀሩት ቃላት ሁሉ ጋር ያስተያዩ። በመጨረሻም እንደ ቅኔ ተማሪ በአንድ ኅብረ ቃል ሁለት ስንኝ ራሳቸው ይግጠሙ፥ ጓደኞቻቸውም ይፍቱት።

በዚህ ሁሉ መካከል አስተማሪው ወርቅ የሌላቸውን ግጥሞችም ማቅረብ አለበት። ሁሉም ግጥም ምሥጢር የሠወረ አይደለም፤ በሌለበት ወርቅ የሚቈፍር ተማሪ፥ በግልጽ የተነገረውን ኀዘን ወይም ፍቅር ሳይሰማ ያልፋል። «በዚህ ውስጥ ሰም እንጂ ወርቅ የለም» ብሎ በምክንያት ማስረዳት የቻለ ተማሪም፥ ወርቁን እንዳገኘው ጓደኛው ሁሉ ትምህርቱን ዐውቋል ሊባል ይገባል።