ያውቁ ኖሯል? ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ሲደርስ ፋታ የለም፤ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። በመተማ በኩል ተሻግሮ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ትኩሳት ቢይዘውም «ወባ ናት፣ ታልፋለች» ብሎ ማጭዱን ያነሣል። አካባቢው ግን ካላዛር የተባለው በሽታም አገር ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሕመሙ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከተነከሱ ከ2 እስከ 6 ወር በኋላ ስለሆነ ማንም ከንክሻው ጋር አያያይዘውም። ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ሰውነት ከከሳ፣ በግራ ጎን ጣፊያ ካበጠ፣ አጨዳው ይቅር! ካልታከሙት ይገድላል፤ በጊዜ ከደረሱበት ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው ሕክምና 17 ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋትን ይጠይቃል። በቀን ሒሳብ ለሚከፈለው ሰው ከመርፌው ይልቅ የሚያመው ሥራ የፈታበት ቀን ሳይሆን አይቀርም።