የፀደይ መባቻ ሰማይ፦ ተረትና እውነታ

መጋቢት 26 ቀን በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ስሌት ዘመነ ፀደይ የሚገባበት ዕለት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላለው ደጋ ጠባዩ የማይጨበጥ ሳምንት ነው። ጠዋት ጥርት ብሎ የነጋ ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፤ አንዱ ሰፈር ዶፍ ሲወርድበት ሌላው ካፊያ እንኳ አያገኝም፤ በማግስቱ ደግሞ ደመና የሚባል ነገር አይታይም። ስለዚህ ሳምንት በየቤቱ የሚነገረው ብዙ ነው። ከሚነገረው ውስጥ የዘመናት ትዝብት ያለበት አለ፣ ከቃል ስሕተት የተወለደ አለ፣ ሕይወት የሚያስከፍልም አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት የስሙ ጉዳይ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «ፀደይ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው ዐደይ አበባና የመስከረም ሜዳ ነው፤ ይህም የአውሮፓውያን የአበባ ወቅት ስም በትርጉም ፀደይ ከመባሉ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፣ አበባ ያለበት ወቅት ሁሉ ፀደይ ነው ተብሎ ተወስዷልና። በባሕረ ሐሳብ ግን አበባው የሚፈነዳበት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ዘመን መፀው ይባላል፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ከበጋ ቀጥሎና ከክረምት ቀድሞ የሚመጣው ወቅት ነው። ወቅቱ በዚህ ዕለት እንዲጀምር ያደረገው ስሌት ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ዕለት መጋቢት 25 ላይ ያስቀመጠው ጥንታዊ አቆጣጠር ሲሆን፣ አቆጣጠሩ ዓመትን 365 ቀን ከ6 ሰዓት አድርጎ ስለሚቆጥርና ይህም ከፀሐይ እውነተኛ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚበልጥ፣ ልዩነቱ በ128 ዓመት አንድ ቀን እየሆነ ተጠራቅሞ በአሁኑ ዘመን ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ ሆኗል። እንግዲህ ፀደይ ገባ በሚባልበት ዕለት ፀሐይ የምድር ወገብን አልፋ ወደ ሰሜን ከተጓዘች ሁለት ሳምንት ያህል ሆኗታል። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች በበኩላቸው የኢትዮጵያን ዓመት በሦስት ወቅቶች ብቻ ይከፍላሉ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ስለዚህ የፀደይ መባቻ ለእነርሱ የበልግ አጋማሽ ነው።

ይህን ያልለየ ሰው የመጋቢት መጨረሻ ዝናብ ሲያይ «ዘንድሮ ክረምት ቀድሞ ገባ» ይላል። የበልግ ዝናብ ግን ቀድሞ የመጣ ክረምት አይደለም፤ ምንጩም አሠራሩም ሌላ ነው። በበልግ ወራት በዐረብ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከሚቀመጠው ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚነሣ እርጥበት አዘል ነፋስ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ኢትዮጵያ ይነፍሳል፤ ይሁንና እርጥበቱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ዝናብ አይሆንም። ከሰሜን በኩል፣ ከሜዲትራንያን አካባቢ፣ በከፍተኛው የከባቢ አየር ክፍል ወደ ደቡብ ሰርጎ የሚገባ ቀዝቃዛ የአየር ሞገድ ሲደርስበት፣ ከሥሩ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ለመውጣት መንገድ ያገኛል። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገጣጠሙ ይዘንባል፤ አንዱ ሲቀር ሰማዩ ይጠራል። ሞገዱ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ የሚመጣና የሚያልፍ እንጂ እንደ ክረምት ነፋስ ለወራት የሚሰፍን አይደለም፤ ሦስት ቀን ዘንቦ አራት ቀን መድረቁ የዚህ ውጤት ነው። አልፎ አልፎም በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በማዳጋስካር አካባቢ የሚነሣ ሞቃታማ ዐውሎ ነፋስ የሕንድ ውቅያኖስን እርጥበት ወደ ራሱ ስቦ የደጋውን ዝናብ ሊያቋርጥ ይችላል። የመጠኑም ልዩነት ትልቅ ነው፦ አዲስ አበባ በሚያዝያ ወር በአማካይ 80 ሚሊሜትር ገደማ ስታገኝ በሐምሌና በነሐሴ በእያንዳንዳቸው ከ250 ሚሊሜትር በላይ ይወርድባታል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው።

ዝናቡ ከቀትር በኋላ መምጣቱም ልማድ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ በዚያ ቀን ከ6 ሰዓት ተኩል ጥቂት ቀደም ብሎ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ትገባለች። መሬቱ እስከ 8 ወይም 9 ሰዓት ድረስ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ሞቆ ይነሣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ወደ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ተለውጦ እንደ ጎመን አናት የተቆለለ ደመና ይሠራል። እንዲህ ያለው ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን እንጦጦ ላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍ ብላ በደቡብ አቃቂ ላይ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ስለምትል፣ ተራራው የሚገፋው አየር ሽሮ ሜዳን ሲያጥብ ቦሌ ፀሐይ ሊሞቅ ይችላል።

«ትንበያው ዋሽቷል» የሚለው ወቀሳ በአብዛኛው የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። የትንበያ መግለጫ «በአንዳንድ ቦታዎች ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ይጠበቃል» ሲል እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የገባ ነው፤ «በአንዳንድ ቦታዎች» ማለት ከሚጠቀሰው አካባቢ የተወሰነው ክፍል ዝናብ ያገኛል፣ የቀረው ላያገኝ ይችላል ማለት ነው፤ አድማጩ ግን ይህን ሐረግ ዘሎ «ይዘንባል» የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። «60 በመቶ የዝናብ ዕድል» የሚለውም እንዲሁ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል፦ አንዳንዱ የቀኑ 60 በመቶ ዝናብ ይሆናል ይላል፣ ሌላው 60 በመቶው ከተማ ይረጥባል ይላል፣ ሦስተኛው ከግማሽ ስለበለጠ እርግጥ ነው ብሎ ልብሱን ሳያሰጣ ይቀራል። ትርጉሙ ግን ዛሬን የመሰሉ 10 ቀናት ቢኖሩ በአንድ በተወሰነ ቦታ በ6ቱ ይዘንባል፣ በ4ቱ አይዘንብም ነው። ያልዘነበባቸው 4 ቀናት የትንበያው ስሕተት ሳይሆኑ በትንበያው ውስጥ የተቆጠሩ ናቸው። በስልክ ላይ ለሰባቱም ቀን ደመናና መብረቅ ስለው የሚያሳዩት መተግበሪያዎች በዚህ ረገድ ይበልጥ ያሳስታሉ፤ ብዙዎቹ የሚመገቡት ዓለምን በሙሉ በየ10 ወይም በየ20 ኪሎ ሜትሩ ከፋፍለው ከሚያሰሉ ሞዴሎች ነውና፣ እንጦጦና አቃቂ በእነርሱ ዘንድ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ናቸው፣ ከአንዱ ነጥብ የሚያንሰውን ደመናም በግምት እንጂ በዐይን አያዩትም። ሥዕሉ በአራተኛው ቀን 9 ሰዓት ላይ ዝናብ ሲያሳይ «የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አየሩ ለዝናብ የተመቸ ነው» ከማለት አልፎ ሰዓት እንደ ቀጠረ አድርጎ መውሰድ ከትንበያው በላይ ተንባይ መሆን ነው።

የዝናቡን መጠን በጆሮ መለካትም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። የበልግ ነጎድጓዳማ ደመና ጠብታዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያርፉ ጩኸታቸው ጨዋታ ያስቆማል፤ ያ ሁሉ ጩኸት ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሲያበቃ ግን መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ከምሽት እስከ ንጋት ድምፁን ሳያሰማ ያካፋው ደግሞ በልጦ ይገኛል።

ፀሐይ እየበራች ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» ይባላል። ይህን ተረት ማፍረስ የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስልም፣ ልጆች ራሳቸው እየሳቁ ነው የሚሉት። በውስጡ ያለው ትዝብት ግን ትክክል ነው፦ ሰማይን ሁሉ የሚሸፍነው የክረምት ደመና ለፀሐይ ቀዳዳ እምብዛም ስለማይተው፣ ጅቧ የምትወልደው ደመናው ብቻውን በሚቆምበት በእንዲህ ያለው ወቅት ነው፤ ወደ ምዕራብ ያዘነበለችው ፀሐይ በምሥራቅ በኩል የሚወርደውን ዝናብ ስትመታውም የማርያም መቀነት በምሥራቅ ሰማይ ላይ ይዘረጋል።

በረዶን በተመለከተ የሚነገረው ጠለቅ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ብዙ ሰው በረዶ የወረደው ብርዱ ስለጠና ነው ብሎ ያምናል፤ ነገሩ ግን ወደ ተቃራኒው ያደላል። በኢትዮጵያ ደጋ ብርዱ የሚጠናው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚታየው ውርጭ፣ ማለትም በጠራ ሌሊት መሬት ላይ የሚጋገረው የረጋ ጤዛ ነው እንጂ ከሰማይ የሚወርድ በረዶ አይደለም። በረዶ የሚወርደው ከሞቃት ቀትር በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ለመሠራት የሚያስፈልገው የጋለ መሬት የሚያስነሣው ብርቱ ወደ ላይ የሚነፍስ አየር ነው። ይህ አየር የውኃ ጠብታዎችን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ሆነው የደመናው ክፍል ይሸከማቸዋል፤ ጠብታዎቹ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ሳይረጉ ቆይተው ከአንዲት የበረዶ ፍሬ ጋር ሲጋጩ በቅጽበት ይለጠፉባታል፣ ፍሬዋም አየሩ ሊሸከማት እስኪያቅተው ድረስ ትወፍራለች። ተለቅ ያለ የበረዶ ድንጋይ በቢላ ለሁለት ቢከፈል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረቡ ነጭና ብርሃን አሳላፊ ቀለበቶች ይታዩበታል፤ እነዚህ ድንጋዩ ያለፈባቸው የተለያዩ የደመና ክፍሎች አሻራ ናቸው። ደጋው በረዶ የሚበዛበት የከፍታው ነገር ስላለበት ጭምር ነው። በዚህ የምድር ክፍል አየር ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ የሚወርድ በረዶ በሞቃት አየር ውስጥ የሚጓዘው ከ2,150 እስከ 2,650 ሜትር ብቻ ነው፤ ጅቡቲ ለመድረስ ግን የዚያን እጥፍ ያህል መውረድ ስላለበት ብዙውን ጊዜ ሟሙቶ ዝናብ ይሆናል።

መብረቅ ቀይ ልብስ ይወዳል የሚለው እምነት ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ነው፤ የሚከፋውም ቀይ መልበስን ስለከለከለ ሳይሆን ቀይ ያልለበሰውን ሰው ያለ አግባብ ስለሚያረጋጋ ነው። ቀለም ብርሃን ከጨርቅ ላይ የሚንጸባረቅበት መንገድ ስለሆነ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ምንም ትርጉም የለውም። መብረቅ መሬት ሊነካ በአሥሮች የሚቆጠሩ የመጨረሻ ሜትሮች ሲቀሩት የሚመርጠው ከአካባቢው ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመውን ነገር ነው፦ የሜዳ ላይ ዋርካን፣ የኮረብታ ጫፍን፣ በተራቆተ እርሻ መካከል ያለን ሰው። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር መጠለል ስለዚህ ከቀይ ነጠላ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ዛፉን የመታው መብረቅ ወደ ጎን ሊዘል ወይም በሥሩ በኩል በመሬት ሊሰራጭ ይችላልና። አንድ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች በአንድ ላይ ሞተው የሚገኙትም በፊትና በኋላ እግራቸው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ በመሬት የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልብ በኩል ስለሚያልፍ ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚድነውም በጎማው ምክንያት እንዳይመስል፤ የሚያድነው ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት የሚያሳልፈው የብረት አካሉ ነው። ድምፅ በ3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከብልጭታው በኋላ 30 ሳይቆጠር ነጎድጓዱ ከተሰማ ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ወደ ሜዳ ለመመለስም ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል።

በስቅለት ዕለት ሰማዩ ሳይጠቁር አይቀርም የሚለውን አባባል መንካት የእምነት ጉዳይ ውስጥ መግባት ሊመስል ይችላል፤ ጥያቄው ግን የሥነ መለኮት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነው። ፋሲካ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ ስቅለትም እንዲሁ ከመጋቢት 24 እስከ ሚያዝያ 28 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ይህ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚቆለለው የበልግ ደመና የሚያይልበት ነው፣ ሕዝቡም ያን ዕለት እስከ 11 ሰዓት ስግደት ላይ ሆኖ ሰማዩን ከሌላው ዓርብ በበለጠ ይመለከታል። ደመናው በመጣበት ዓመት ትዝታው ይጸናል፤ ፀሐዩ ሲያቃጥል የዋለበት ስቅለት ይረሳል።

ለገበሬው ከሁሉ የሚከብደው «በልጉ ካማረ ክረምቱ ያምራል» የሚለው ነው፤ ተቃራኒውን፣ በልግ ሲበዛ ክረምት ይሳሳል የሚሉም አሉ። ሁለቱም በየተራ እውነት ሆነው ያውቃሉ፣ ይህም አንዳቸውም ሕግ እንዳልሆኑ ያሳያል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ደከመ፣ በኤልኒኖ፣ ማለትም በምሥራቃዊና በማዕከላዊ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ወለል መሞቅ፣ ምክንያት ክረምቱም ተከትሎት ደከመ። በ2014 ዓ.ም. ግን የደቡቡና የደቡብ ምሥራቁ በልግ ክፉኛ ከሽፎ በቦረናና በሶማሌ ከብት ሲያልቅ፣ የዚያው ዓመት ክረምት በሰሜንና በምዕራብ ደጋ ላይ ጥሩ ነበር። ወቅታዊ ትንበያም ለዚህ ነው በልግን ከክረምት ለይቶ፣ የየአካባቢውን ዕድል «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ብሎ በሦስት ከፍሎ የሚያቀርበው። ከአገሪቱ ዓመታዊ ሰብል በበልግ የሚመረተው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ በልግ አብቃይ ደጋዎች ቤተሰብን የሚያኖረው እርሱ ነው። ቆላና ወይና ደጋ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ማሽላውን የሚዘራው በዚሁ የሚያዝያ እርጥበት ነው፤ ማሽላ ለመድረስ ብዙ ወራት ስለሚፈልግ ሚያዝያና ግንቦት በደረቁ ካለፉ ዘሩን ለከርሞ አስቀምጦ፣ ሐምሌን ጠብቆ፣ በዚያው ማሳ ላይ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዘራል።