በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩበት ሌሊት

ዛሬ የማወጋችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ባለፈው ረመዳን አንድ ሌሊት እዚሁ አሶሳ ከተራዊህ ስመለስ ልጄን ጓዳ ውስጥ ስልኩ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ሲደብቀኝ ሦስተኛ ሌሊቱ ነበር። «በዚህ በተከበረ ወር ምን እያየ ይሆን?» ብዬ ጠረጠርኩ። ስልኩን ከእጁ ወሰድኩና ፎቶዎቹን መፈተሽ ጀመርኩ።

የፈራሁትን አላገኘሁም፤ ያየሁትንም አላወቅኩትም። አንዱ በመስመር የታረሰ ማሳ ይመስላል። ሌላው ጨረቃ የወጣችበት ጥቁር ሰማይ ነው። ሦስተኛው ጎርፍ የቦረቦረው ገደል። «ይህ የት ነው?» አልኩት። «ሁሉም እዚሁ ቤት ነው፣ አባ» አለኝ። ማሳው ሁልጊዜ የምቀመጥበት የሽመል ምንጣፍ ነበር። ሰማዩ የጀበናችን ሆድ፣ ጨረቃዋም በላዩ ያረፈ የአምፖል ብርሃን ነበረች። ገደሉ ግን ግራ አጋባኝ። «እሱማ የእማማ ማማሰያ ነው» አለኝ።

ማማሰያውን አስመጥቼ አየሁት። ጫፉ ከድስቱ ጋር ሲታገል ኖሮ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ባለቤቴ በዚያ እንጨት ያማሰለችውን የማሽላ ገንፎ ስንት ረመዳን አፍጥሬበታለሁ! እንጨቱ ሲያልቅ፣ ክንዷም ሲደክም ግን ልብ ብዬ አላየሁም።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነበር። የዚያኑ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂድ ያስተማርኩት ከሱረቱል ሑጁራት ነበር። በዚያች ሱራ፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ፣ መጥፎ ጥርጣሬም የሰውን ገመና መሰለልም ተከልክሏል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት በልጄ ላይ ፈጸምኩ። «አፉ በለኝ» አልኩት።

ልጄ እንዳሳየኝ ዕቃን በጣም ቀርቦ የማንሳት ጥበብ ቆየት ያለ ነው። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 ተራ የወጥ ቤት ሳህኖችን ቀርቦ በማንሳት ቅርጽና ጥላ ብቻ አድርጓቸዋል። ኤድዋርድ ዌስተንም በ1930 አንድ ቃሪያ አንስቶ ስሙን አስጠራ። እኔ ግን ያስታወስኩት ከሁለቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረውን የበስራውን ሊቅ ኢብን አል-ሀይሠምን ነው። «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው መጽሐፉ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን መርምሯል። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል፤ ያየነውን «ይህ እገሌ ነው» የምንለው ግን ቀድሞ ከምናውቀው ጋር አመሳስለን ነው፤ በችኮላ ስንፈርድም እንሳሳታለን ይላል ትምህርቱ። የዚያ ሌሊት ስህተቴም ይኸው ነበር።

«ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሕይወት ባላቸው ነገሮች ሥዕል ላይ ዑለማዎች ብዙ ተነጋግረዋል። ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር በተመለከተ ግን ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ለአንድ ሠዓሊ ያንን እንዲሥል እንደመከሩት በቡኻሪ ተዘግቧል።

እንግዲህ ልጆች ኢፍጣር ሲጠብቁ ሲሰላቹ ይህን ሞክሩ። የስልኩን ካሜራ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ፍላሹን አጥፉ። ዕቃውን በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከጎኑ እንዲያርፍበት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሸካራውና ስንጥቁ የሚታየው በጥላው ነው። አንድ ስንዝር ያህል ቅረቡ፤ ከደበዘዘ ትንሽ ራቅ በሉ። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክንዳችሁን አስደግፉ። የማንጎ ቅጠል፣ የሰሌን ጥልፍልፍ፣ የተምር ፍሬ፣ አሮጌ የቂርአት ሎህ ሁሉም ይሆናሉ። ከዚያ ቤተሰቡ «ምንድን ነው?» እየተባባለ ይገምት።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ይህን ሐዲስ ለሰው ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ዘንድሮ በሳምንት ሁለት ቀን ማማሰያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ገንፎዬ ይጓጉላል፤ ባለቤቴ ግን እየሳቀች ትበላልኛለች።

ረመዳን ሙባረክ!