ጓሳን ማን ይጠብቀው?

በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ዙሪያው እስከ ገደል አፋፍ ሲታረስ ይህ ሣር፣ ከነቀይ ቀበሮውና ከነጭላዳው፣ ለዘመናት የተረፈው ቄሮ በተባለው የአባቶች ሥርዓት ነው።

በአገሬው ትውፊት ጓሳን ያስከበሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አስቦና ጌራ ናቸው። መብቱ በርስት ለዘሮቻቸው ወረደ። ባለርስቶቹ አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ ይመርጡ ነበር፤ በእሱ ትእዛዝ ጎልማሳው ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። ቦታው 3 ዓመት፣ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገር ነበር። ያኔ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭድ፣ ከብቱንም ያሰማራ ነበር። የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ መልሶ ይዘጋ ነበር።

ይህን ሥርዓት ስናወድስ ግን አንድ ነገር መሸሸግ የለብንም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው በጓሳ ላይ መብት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህን አድልዎ ማስቀረቱ ተገቢ ነበር። ጉዳቱ ከአድልዎው ጋር ጥበቃውንም ጠርጎ መውሰዱ ነው። አባ ቄራ ሥልጣኑን አጣ፣ ቦታው የገበሬ ማኅበራት ሆነ፤ ሁሉም እኩል ባለመብት ሲሆን ጠባቂው ጠፋ። ሣሩ ያለጊዜው ይታጨድ፣ ይጋጥ ጀመር።

ኋላ ነዋሪው ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ፤ ክልሉም ጓሳን በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አደረገው። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ጥያቄውን ግን አልዘጋውም። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ የሚያርሰው መሬት ያጣ ወጣት ጓሳን የሚጠብቀው ለምን ጥቅም ብሎ ነው?

ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንይ፦ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ፣ የስፓኝ ዘር ያላቸው ገበሬዎች አሴኪያ የሚሉትን የመስኖ ቦይ ዛሬም የሚያስተዳድሩት በመረጡት አለቃ ነው፤ በየዓመቱም ውሃ ተካፋዩ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። ቅርሱ የቆየው ሥራው ስላልተቋረጠ ነው።

የጓሳም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ጥበቃው እንዳይቋረጥ ጠባቂው መጠቀም አለበት። ከቱሪስት የሚገኘው ገቢ በቅድሚያ ለሚጠብቁት ወጣቶች ይድረስ። የመክፈቻውና የመዝጊያው ውሳኔ ደግሞ በነዋሪው እጅ ይቆይ፤ የወረዳና የክልል ሹማምንት ያግዙት እንጂ አይንጠቁት።