የመንዝ ዝናብ፣ የአጣዬ ቧንቧ

አጣዬ የቆላ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ከሚሴ ሳይደርስ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የኤፍራታና ግድም ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይበቅላል። ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው የመንዝና የግሼ ደጋ ገደል ይታየዋል። ያ ደጋ ክረምት የሚዘንብበትን ውሃ ለብቻው አያስቀረውም። ከፊሉ በአጣዬ፣ በጀውሃና በሮቢ ወንዞች ደፍርሶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከፊሉ ደግሞ ወንዞቹ ለዘመናት ከገደሉ ግርጌ ባከማቹት ጠጠርና አሸዋ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል።

ወንዙ ዓይን ይሞላል እንጂ ለመጠጥ የሚታመነው ከመሬት በታች የተደበቀው ነው። አሸዋና ደለል ውሃን ያጣራሉ፤ ጥልቀት ካለውና አፉ በሲሚንቶ በደንብ ከታሸገ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙውን ጊዜ በሽታ አምጪ ተህዋሲ የለበትም። እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች በዚህም አካባቢ የቧንቧ ውሃ ታሪክ የጉድጓድና የምንጭ ታሪክ ነው። ታዲያ ከንጹህ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ጠጥቶ ልጅ ለምን ሆዱን ይታመማል? ነገሩ የሚበላሸው ከጉድጓዱ ይልቅ በመንገዱ ላይ ነው።

መንገዱን ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ጉድጓዱ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራው ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃው በወፍራም ቧንቧ ወጥቶ ከፍታ ላይ የተሠራ ሪዘርቫየር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ሰፈሮች፣ ወደ ቦኖዎችና ወደ ግቢዎች ይወርዳል። በየመንገዱ ዳር ያለው ቧንቧ ግን ብቻውን አልተቀበረም። ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ አንዳንድ ቦታ ቦዩን አቋርጦ ያልፋል፤ ግቢ ሲገባም ከመጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ አይርቅም። በየመገጣጠሚያው ደግሞ ያፈሳል። የማያፈስ የከተማ ቧንቧ በዓለም ላይ የለም፤ አዲስ አበባም ለንደንም ያፈሳል።

ቧንቧው በግፊት እስከተሞላ ድረስ ፍሳሹ ወደ ውጭ ነው። ኪሳራው የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የጠጪው ጤና አይነካም። ችግሩ የሚመጣው ፓምፑ ሲቆም ነው። ዝቅ ያለው ሰፈር የቀረውን ውሃ ሲቀዳ ከፍ ያለው ቧንቧ ባዶ ይሆናል፣ ውስጡም ይስባል። ትናንት ውሃ ሲያወጣ የነበረው ስንጥቅ ዛሬ በዙሪያው ያለውን የቦይና የመጸዳጃ እርጥበት ያስገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ሳይሆን በየሳምንቱ ነው። ቆጣሪው መጀመሪያ አየር እየነፋ ሲሽከረከር፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ሲመጣ ሰው የሚቆጨው ለአየር በሚከፍለው ሂሳብ ነው። ሊያሳስበው የሚገባው ግን አየሩ ወደ ቧንቧው በገባበት ቀዳዳ ሌላ ምን አብሮ እንደገባ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ሁብሊና ዳርዋድ በተባሉት የሕንድ መንትያ ከተሞች አንዳንድ ሰፈሮች ውሃ ሌት ተቀን ያገኛሉ፤ ሌሎቹ በየጥቂት ቀኑ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣላቸዋል። ምንጩና ማጣሪያው አንድ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት የሁለቱንም ወገን ቧንቧዎች መረመረ። ውሃ ከማይቋረጥባቸው ሰፈሮች ከተወሰደው ናሙና የሰገራ ምልክት የሆነው ኢ. ኮላይ የተገኘበት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከፈረቃ ሰፈሮቹ ናሙና ግን ሦስተኛው ገደማ ተበክሎ ተገኘ። ልዩነቱን ያመጣው መቋረጡ ነው። በአገራችን የውሃ ጥራትና የውሃ መጠን እንደ ሁለት ጉዳይ ይወራሉ፤ ስለ ትንሽ ከተማ ሲሆን ግን ሁለቱን መለየት የሚያሳስት ይመስላል።

ለአጣዬ ደግሞ መቋረጥ የመብራት መጥፋትና የፓምፕ መቃጠል ብቻ አልነበረም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃት ብዙ ቤቶቿና ተቋሞቿ ተቃጥለው ሕዝቧ ተሰደደ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት በዋናው መንገድ ወርዶ አጣዬንም ሸዋ ሮቢትንም አዳረሰ፤ በጥር 2015 እንደገና ግጭት ተነሳ። ሰው ጥሎት የሸሸ ከተማ ቧንቧ ወይ ባዶውን ይሰነብታል፣ ወይ ውሃ ቆሞበት ይከርማል። የቆመ ውሃ ክሎሪኑ ይጠፋል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ይበቅላል። ተመላሽ ነዋሪ ቤቱን ጠግኖ ቧንቧውን ሲከፍት የሚያገኘው መጀመሪያ ይህን ነው። ቧንቧው የተቀበረበት መሬትም ቢሆን አርፎ የሚተኛ አይደለም፤ በግንቦት 1953 ከአጣዬ በስተሰሜን ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፍርሷል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ለውሃው ጠባቂ ሆኖ የሚላከው ክሎሪን ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረውም እሱን ነው፤ “ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ይላል” ይባላል። በእርግጥም ሳይለኩ አብዝቶ የሚጨምር አለ፣ ያኔ ቅሬታው ተገቢ ነው። በመጠኑ ሲሆን ግን ያ ቀላል ሽታ ጥሩ ዜና ነው። ክሎሪን ሪዘርቫየሩ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ያገኘውን ተህዋሲ ገድሎ ያልቃል፤ የተረፈው ቀሪ ክሎሪን ይባላል፤ እሱ ከውሃው ጋር ተጉዞ በመንገድ የሚገባውን ቆሻሻ ይዋጋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ክሎሪኑ ከውሃው ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ከዚያም በአንድ ሊትር 0.5 ሚሊግራም እንዲተርፍ፣ ሰው ቧንቧውን በሚከፍትበት ቦታ ደግሞ ከ0.2 እንዳያንስ ይላል።

መጠኑ ትንሽ ነው። 100 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ሪዘርቫየር በአንድ ሊትር አንድ ሚሊግራም ለማድረስ 100 ግራም ክሎሪን ይበቃል። በገበያ ያለው ነጭ ዱቄት፣ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ ከክብደቱ 65 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሚዛን ላይ 150 ግራም አካባቢ ይሆናል። አንድ መቶ ሺህ ሊትር ውሃ በአንድ ቁና እንኳ በማይሞላ ዱቄት ይጠበቃል ማለት ነው።

ቆላ ግን ይህን ስሌት ያፋልሳል። ክሎሪን ሙቀትንና ብርሃንን አይወድም። በቆርቆሮ መጋዘን የከረመ ዱቄት ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል፤ በርሜሉ ላይ የተጻፈው 65 በመቶ ከወራት በኋላ እውነት ላይሆን ይችላል። በጠዋት ተበጥብጦ ፀሐይ ላይ የተቀመጠም ይደክማል። በሞቀ ቧንቧ ውስጥ ያለው ቀሪ ክሎሪን ከደጋው ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ሁለት ቀን የዋለ ውሃ ላይማ ሊገኝ መቻሉ ያጠራጥራል። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን የሚበቃ መጠን ለአጣዬና ለሸዋ ሮቢት ላይበቃ ይችላል። ክሎሪን የሚጨምረው ኦፕሬተር በልማድ ሳይሆን በመለኪያ መሥራት ያለበትም ለዚህ ነው።

የቧንቧ ውሃን በክሎሪን መጠበቅ ዛሬ እንደ ዋዛ ይታያል፤ በአሜሪካ ሲጀመር ግን ፍርድ ቤት አድርሷል። የአሜሪካዋ ጀርዚ ሲቲ ውሃ የሚያቀርብላትን ኩባንያ ንጹህ ውሃ አላቀረብክም ብላ ከሰሰችው። የኩባንያው አማካሪ ሐኪም ጆን ሊል እ.ኤ.አ. በመስከረም 1908 ማንንም ሳያስፈቅድ ክሎሪን ወደ ውሃው መጨመር ጀመረ። የከተማው ጠበቆች ለሰው መርዝ አጠጣ ብለው ተከራከሩ፤ ተረቱ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ፣ ታይፎይድም እየቀነሰ ሄደ።

በኢትዮጵያ የውሃ ጥራት በአገር አቀፍ ደረጃ በቤተሰብ ናሙና የተለካው በ2008 ዓ.ም. ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከሌሎች ጋር ሆኖ ባደረገው ጥናት መርማሪዎች ውሃውን ከምንጩም፣ ቤት ውስጥ ለመጠጥ ከሚቀርብበት ብርጭቆም ቀድተው ለኢ. ኮላይ መረመሩ። ብርጭቆው ከምንጩ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሳይንቲስት መሆን አያሻም፤ ዘይት ይዞ የነበረ ጀሪካን፣ ክዳን የሌለው ጋን፣ የሁሉም እጅ የሚገባበት ጣሳ ምክንያቱን ይናገራሉ። ጀሪካኑን በሳሙናና በጠጠር አንቀጥቅጦ ማጠብ፣ ውሃውን በእጅ ሳይነኩ ማንቆርቆር፣ ውሃ ተቋርጦ በመጣባቸው ቀናት ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በልኩ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ የቤተሰቡ ድርሻ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ክሎሪን ከመጨመር በፊት አዝቅጦ ወይም በንጹህ ጨርቅ አጥልሎ መጠቀም ይሻላል፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል። ይህን ችላ ማለት የት እንደሚያደርስ አማራ ክልል ያውቀዋል፤ በ2015 ክረምት ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነስቶ ነበር።

ክሎሪንም ማፍላትም የማይነኩት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባው ማዕድን። ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ነው፤ ሳሙና አላረፋ ይላል እንጂ ጤና አይጎዳም። ፍሎራይድ ግን ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከልክ በላይ አለው፤ በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ጥርስ ከማበላሸት አልፎ አጥንት አጉብጧል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም እንፋሎቱ ሲሄድ የቀረው ውሃ ላይ ይጠነክራል። አጣዬ ያለችበት ይፋት የስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ስለሆነ፣ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የላቦራቶሪ ውጤቱ ፓምፕ ከመግዛት በፊት መታየት አለበት።

ስለ ተህዋሲው ግን ላቦራቶሪ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ለቀሪ ክሎሪን በትንሽ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ 10 ሚሊሊትር ውሃ ይቀዳል፣ ዲፒዲ የምትባል ክኒን ትጨመራለች፣ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙ ከጎኑ ካለው መደብ ጋር ይነጻጸራል። ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ለኢ. ኮላይ ደግሞ 100 ሚሊሊትር ውሃ በስስ ማጣሪያ አልፎ፣ ማጣሪያው በተህዋሲ መመገቢያ ላይ በሙቀት አንድ ሌሊት ይቆያል፤ የበቀለው ይቆጠራል፤ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። ይህን የሚያደርግ በሻንጣ የሚዞር መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ከ5 ሺህ በላይ ነዋሪ ላለው የቧንቧ መስመር ለየ5 ሺህ ሰው በወር አንድ ናሙና ይጠይቃል፤ 30 ሺህ ሰው ላለው ከተማ በወር ስድስት ማለት ነው።

ናሙናው የት ይወሰድ የሚለው ስንት ይወሰድ ከሚለው አያንስም። ሪዘርቫየሩ አጠገብ የተቀዳ ውሃ ሁልጊዜ ሮዝ ይሆናል፤ ገና ክሎሪን የተጨመረበት ነውና። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ካለው ቧንቧ የተቀዳም እንዲሁ ያታልላል። መለካት ያለበት የመስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ውሃ የሚዘገይበት ሰፈር፣ ፈረቃው ከተከፈተ ከአንድ ሰዓት በኋላና ከመዘጋቱ በፊት ነው። ቧንቧ ተሰብሮ በተጠገነ ቀንም እንዲሁ፤ ጠጋኙ ጭቃውን አጥቦ፣ ጠንከር ያለ ክሎሪን አሳልፎ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪመጣ አፍስሶ ሰፈሩን መክፈት አለበት። ይህ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ግን መዝገቡ ከመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን አይወጣም። የፈረቃ ፕሮግራም በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ከየሰፈሩ ስም ጎን የሳምንቱ የክሎሪን ልኬት ቢለጠፍ፣ ወረቀቱ ያው አንድ ወረቀት ነው፣ ከመጨረሻው ቦኖ የሚቀዳ ሰውም ለልጁ ውሃውን ማፍላት እንዳለበትና እንደሌለበት ከዚያ ያነብ ነበር።