ብርድና ጨለማ አንድ ላይ ሲመጡ፤ በቴክሳስ የታየው

የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021) ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት የኤሌክትሪክ መረብ ተቆጣጣሪዎች ለአከፋፋይ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ኃይል እንዲቆርጡ ትዕዛዝ ማስተላለፍ ጀመሩ። ከአርክቲክ የወረደው ብርድ ማመንጫዎችን አንድ በአንድ ከሥራ ሲያስወጣ፣ ቤቱን ለማሞቅ የሚጥረው ሕዝብ ደግሞ ፍጆታውን ከፍ አድርጎት ነበር። መደበኛው 60 ኸርዝ የሆነው የመረቡ ፍሪኩዌንሲ ወደ 59.3 ኸርዝ ዝቅ አለ። ከ59.4 ኸርዝ በታች ለዘጠኝ ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ ተጨማሪ ማመንጫዎች ጉዳት እንዳይደርስባቸው በራሳቸው ስለሚጠፉ መላው መረብ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ አገገመ።

ዕቅዱ ኃይሉን ከሰፈር ሰፈር በተራ መቁረጥ ነበር። ይሁንና የጎደለው ኃይል እስከ 20 ሺህ ሜጋ ዋት በመድረሱ፣ ሆስፒታሎችና ሌሎች አስፈላጊ ተቋማት ካሉባቸው መስመሮች በስተቀር የሚቀያየር መስመር አልተረፈም። በዚህም ምክንያት ከ4 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኃይል ተቋርጦባቸው፣ አንዳንዶቹ እስከ አራት ቀን ያለ መብራትና ማሞቂያ ቆይተዋል። ቴክሳስ መረቡን ከጎረቤት ግዛቶች ለይቶ የያዘ በመሆኑም ከውጭ ሊያገኝ የሚችለው ኃይል ጥቂት ነበር።

የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ከሥራ ከወጡት ማመንጫዎች መካከል 58 በመቶ ያህሉ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ እንደነበሩ አመልክቷል። ዋነኞቹ ምክንያቶች የመሣሪያዎች በብርድ መያዝና የነዳጅ እጥረት ናቸው። በተለይ የቢሮ ሠራተኛን ሊያስገርም የሚችለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የጋዝ ማምረቻና ማስተላለፊያ ጣቢያዎች የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ብዙዎቹ «ኃይል እንዳይቆረጥብን» የሚያሰኘውን ቅጽ ሞልተው አላቀረቡም ነበር። ስለሆነም ኃይል ለመቆጠብ በተሰጠው ትዕዛዝ የእነርሱም መስመር ተቆረጠ፤ ጋዙ ቀነሰ፤ ጋዙ የቀነሰባቸው ማመንጫዎችም ቆሙ።

የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት 246 ሰዎች በአደጋው መሞታቸውን መዝግቧል። አብዛኞቹን የገደለው ብርድ ነው። ሌሎች ደግሞ ለመሞቅ ሲሉ በቤት ውስጥ ከሰል በማንደዳቸው፣ ጄኔሬተር በማስነሳታቸው ወይም ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር ሳያጠፉ በመተዋቸው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘዋል፤ ከእነዚህም መካከል ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በከሰል ምድጃ ዙሪያ ያደገ ሰው የጭሱን ክፋት ቢያውቅም፣ ጭስ የሌለበት ፍም አደገኛ መሆኑን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ስለዚህ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው። ጄኔሬተር ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ ይቀመጣል። የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም እንኳ መኪና ውስጡ አይሞቅም። ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ይሰበሰባል፤ በሮች በጨርቅ ይደፈናሉ፤ ልብስ ይደራረባል። የውኃ ቧንቧ ከመፈንዳቱ በፊት ውኃው ጠብ ጠብ እንዲል ቧንቧው በጥቂቱ ይከፈታል፤ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በቴክሳስ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች የውኃ አቅርቦታቸው ታውኮ ነበር። የአካባቢ አስተዳደሮች በበኩላቸው በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሱና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ዝርዝር አስቀድመው ቢይዙ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ከመፈለግ ይድናሉ።

አደጋው ያልተጠበቀ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመሳሳይ ብርድ ከመጣ በኋላ ማመንጫዎችን ከብርድ የመከላከል ምክረ ሐሳብ ቀርቧል። በ2011 ችግሩ ሲደገም መርማሪዎቹ የቀድሞው ምክር በአግባቡ ሥራ ላይ አለመዋሉን ጽፈው፣ ራሳቸውም ተመሳሳይ ምክር ሰጡ። ሁለቱም አስገዳጅ አልነበሩም።

የግዛቱ ምክር ቤት በ2021 ያጸደቀው ሕግ ግን ማመንጫዎችና ዋና ዋና የጋዝ ተቋማት ለብርድ እንዲዘጋጁ ያስገድዳል፤ ለጣሰም እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ደንግጓል። በጋዙ በኩል ተቆጣጣሪው፣ በስሙ ላይ እንግዳ ቢሆንም፣ የቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ሌላ ከባድ ብርድ በመጣ ጊዜ በቴክሳስ መረብ ተቆጣጣሪ ትዕዛዝ ኃይል የተቆረጠበት ደንበኛ አልነበረም። በአንጻሩ በቴኔሲና በኖርዝ ካሮላይና ግዛቶች ኃይል በተራ ተቆርጧል።