ዱቄቱ፣ ፀሐይዋና የጨለማው ግማሽ ሰዓት

የቆቦ ፀሐይ ማሽላ ከማድረቅና ሰው ከማማረር ሌላም ሥራ ታውቃለች። ፎቶካታሊስት የሚባል ዱቄት ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ውስጥ ያለውን ማቅለሚያና ፀረ ተባይ ይሰባብራል። ዋናዎቹ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ ናቸው፤ አንደኛው በነጭ የግድግዳ ቀለም፣ ሌላው በቆዳ ቅባት ውስጥ ይገኛል። ብርሃኑ ኤሌክትሮን ከቦታው ያፈናቅላል፤ ከውሃና ከኦክስጅን የሚፈጠሩት ራዲካሎች ደግሞ ያገኙትን ኦርጋኒክ ነገር ይበላሉ። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ውሃ እንደሚሰነጥቅ ካሳዩ ወዲህ ዘርፉ ደርቷል። እኛ አገርም ሐረማያና አዲስ አበባን በመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተሠርቶበታል።

አሠራሩ ብዙ አያስቸግርም። የዚንክ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፤ የዘቀጠው ተጣርቶና ታጥቦ ይደርቃል፣ ከዚያም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋገራል። ተማሪዎች እጥበቱን ለምን እንደሚያቻኩሉት አይገባኝም፤ የተረፈው ሶዲየም ውጤቱን ያበላሻል። ኤክስአርዲ (የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መለኪያ) የክሪስታሉን ዓይነት ይነግረናል፤ መስመሩ በሰፋ ቁጥር ቅንጣቱ ያንሳል። ሁለቱም ኦክሳይዶች 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሚሹ ከፀሐይ ብርሃን የሚጠቅማቸው 5 በመቶ የማይሞላው አልትራቫዮሌት ነው። ናይትሮጅን ወይም ብረት የሚቀላቀልባቸው ይህን ለማስፋት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ተማሪ ሜትሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ በሟሟበት ውሃ ላይ ዱቄት በትኖ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰማያዊው ሲጠፋ «በካይ አጠፋሁ» ብሎ ጠርሙሱን ያሳየኛል። «ጨለማ ውስጥ ስንት ደቂቃ አቆየኸው?» ስለው ዝም ይላል። ዱቄት ማቅለሚያን ያለ ምንም ብርሃን ላዩ ላይ ይለጥፋል፤ የተለጠፈ ደግሞ አልጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ እያማሰሉ ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ፣ የማቅለሚያው መጠን ንባብ እስኪረጋ፣ መጠበቅ የግድ ነው። ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ጠርሙስም ያስፈልጋል፤ ሜትሊን ብሉ በብርሃን ብቻም ይደበዝዛል። ይባስ ብሎ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ቀለም አልባ ይሆንና ኦክስጅን ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። እውነተኛውን ዳኝነት የሚሰጠው የጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ልኬት ነው፤ እሱ ካልቀነሰ ሞለኪዩሉ ቀለሙን ጣለ እንጂ ከውሃው አልወጣም።

የቀለም መጥፋትን ከብክለት መጥፋት ጋር ማምታታቱ ለኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ለሚገባበት ለቦርከና ወንዝ፣ ያስጨንቃል። ለራያ ቆቦ ግን የባሰ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ ፀረ ተባይም ይረጫል። ቦይ ዳር መርጫውን የሚያጥብ ሰው ውሃው ውስጥ ምን እንደገባ በዓይኑ አያየውም። ፀረ ተባዩ ተሰባብሮ ከመርዛማነቱ መለየቱን ወይም ወደ ሌላ መርዝ መለወጡን ለማወቅ ክሮማቶግራፍ ያስፈልጋል።

ሌላው የሚዘነጋው ውሃው ራሱ ነው። ብዙው ሙከራ በተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ ይካሄዳል፤ የጉድጓድ ውሃ ግን ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፣ ባይካርቦኔትም ራዲካሎቹን ለራሱ ይበላቸዋል። ዱቄቱን እርሻ ላይ እንዲሁ መበተንም ከአንድ ብክለት ወደ ሌላ መሄድ ነው፦ ዚንክ ኦክሳይድ አሲድ ባለበትም በአልትራቫዮሌት ሥርም እየሟሟ ዚንክ ይለቃል። የተሻለው መንገድ መስታወት ወይም ሸክላ ላይ ለጥፎ ውሃውን በላዩ ማሳለፍ ነው። ሥራው አዝጋሚ ይሆናል፤ ፀሐይዋ ግን ቆቦ ላይ አትቸኩልም።